የቆርቆሮ ቀጥቃጩ ልጅ

ቆርቆሮ ቀጥቃጩን የሰደበው የሴት ልጁ የሒሳብ መምህር ነበር፤ አምና፣ በወላጆች ስብሰባ፣ ያውም በሰው ሁሉ ፊት። «የቆርቆሮ ቀጥቃጭ ልጅ! ስጠራት ጆሮ ዳባ ልበስ ትለኛለች» ሲል ሰው ሁሉ ሳቀ። አባትየው ያንን ሳቅ እንደ ቁርጥማት ይዞት ከረመ።

ዛሬ ደግሞ የሰባተኛ ክፍል ድሃ ልጆች ከትምህርት በኋላ ወደሚያጠኑበትና ወደሚታከሙበት ክፍል የትምህርት ቤቱ ነርስ፣ ሲስተሯ፣ አስጠራችው። «ልጅህ ደንቁራለች» ልትለው መስሎት እየሮጠ መጣ። ሲስተሯ ለብ ያለ ውሃ በመርፌ አልባ ስሪንጅ ወደ ልጅቷ ጆሮ ስትገፋ፣ ባቄላ የሚያህል የደረቀ ኩክ ሳህኑ ላይ ዱብ አለ።

«ይኸው ነው ጋሼ፤ ጆሮዋ ደህና ነው። እንዴት ቤት ውስጥ አላስተዋላችሁም?»

ማን ያስተውል! መዶሻ ጆሮውን ስላደከመው እሱ ይጮሃል፤ እሱ እንዲሰማ ቤተሰቡም ይጮሃል።

«ይሰማሻል ልጄ?» ብሎ አምባረቀ።

«ኧረ አባዬ ቀስ! ሰፈሩን ሁሉ አሰማኸው እኮ» ብላ በሳቅ ፈረሰች። እሱም አብሯት ሳቀ።

የሒሳብ መምህሩ በር ላይ ብቅ አለ። «ምን ተገኘባት?»

አባትየው ዓመት ሙሉ የሳለው መልስ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር። ይሄኔ ከሜዳው ጓደኛዋ ተጣራች፤ ልጅቷም «መጣሁ!» ብላ በረረች። እሱም መምህሩን እንደ በር መቃን አልፎ ተከተላት።