የባቄላው ዘበኛ

ደባልቄ አሶሳ ከተማ ውስጥ፣ በአዲሱ ክልል አንድ ቢሮ ዘበኛ ሆኖ ከተቀጠረ ወዲህ፣ ከዚያ ግቢ አንዲት ወረቀት ያለ እሱ ፈቃድ ወጥታ አታውቅም። የገዛ ጓሮውን ባቄላ መጠበቅ ግን አቃተው። ጉድ እኮ ነው!

ባቄላው ደግሞ እንዲሁ ባቄላ አይደለም። ወንድሙ ምንያህል ከወሎ በመሐረብ ቋጥሮ ያመጣለት እፍኝ ዘር ነው። «በዚህ ሙቀት አይበቅልም» ብሎ ያልሳቀበት ሰው የለም። እሱ ግን ዘራው፤ በቀለ፤ አበበ። አርባ ሦስት እሸት ቋጠረ።

«አንዷም እንዳትነካ!» አላት ሚስቱን አሰለፈችን። «ሁሉም ለዘር ነው። ይህ ከጠፋ ሌላ ከየት ይመጣል? ለከርሞ ያድርሰን እንጂ ስልጆውንም ንፍሮውንም ትሠሪዋለሽ።»

አሰለፈች እሺ አለች። ሰፈራ ከመጡ ጀምሮ ዘጠኝ ዓመት፣ ለሁለት ሰው በምትበቃ ድስት ስትሠራ የኖረች ሴት ናት፤ ጭቅጭቅ አታውቅም።

ጥቅምት ላይ እሸቱ መጉደል ጀመረ። ሠላሳ አምስት ሆነ፤ በማግስቱ ሠላሳ።

ወሎ ቢሆን መንገደኛ ከማሳ እሸት ቢዘነጥል ማንም ሌባ አይለውም። ይሄ ግን ዘር ነው! ደባልቄ ዓይኑን የጣለው ጎረቤቱ ጁምዓ ላይ ነው። የተፈለፈለው ልጣጭ የተገኘው በጁምዓ አጥር በኩል፣ ፍየሎቹ ሲያመነዥኩት ነዋ! ልቡ እየደማ አንዷን እሸት ቆረጠና ፊቱን እያየ አቀመሰው።

ጁምዓ አኘክ አደረገና ተፋው።

«ወላሂ ደባልቄ፣ ይሄ ሣር ነው። ሰው ጥሬውን እንዴት ይበላል?»

ሚስቱ ሀምዲያ በሻሿ አፏን ሸፍና ሳቀች። ደባልቄ በገነ። ሰርቀውት ደግሞ ይሳቁበት!

ከዚያ አሰለፈችን ዘበኛ አደረጋት። እሱ ቢሮ ሲውል እሷ በርጩማዋን ይዛ ባቄላው መሃል ትውላለች። ማታ ሲመለስ ሃያ አንድ ቀርቶ አገኘው።

«አንቺ የት ነበርሽ?»

«እንቅልፍ ጣለኝ።»

በማግስቱም ጣላት። ንዴቱ እሷንም ሳይጎዳት አልቀረም፤ እህል አልበላ ብሏታል፣ ቁሌት ሲሸታት ከማድቤት ሮጣ ትወጣለች። ሀምዲያ በአጥር ሎሚ ታቀብላታለች። ደባልቄ ሎሚውንም ጠረጠረው፤ «ሊያዘናጓት ነው!» አለ።

ስድስት ሲቀር ትዕግሥቱ አለቀ። ኮቱን ለበሰ፣ ከዘራውን አነሣ።

«አሁኑኑ ሽማግሌ ሰብስቤ ጁምዓን አቆመዋለሁ! ከእንግዲህ ከእነዚህ ሰዎች ጋር እሳት አንጫጫርም!»

አሰለፈች በሩ ላይ ቆመችበት። እሷም እንደ ሀምዲያ በነጠላዋ አፏን ሸፍናለች።

«ተው፣ በሰው ነፍስ አትግባ። ጁምዓ የለበትም።»

«ሌባውን ታውቂዋለሽ ማለት ነው?»

«አውቀዋለሁ። ሽማግሌዎቹን ለሚያዝያ ቅጠራቸው፤ ያኔ አቅፌ አመጣልሃለሁ።»