የዓይን ማረፊያ

አዳማ ላይ ቬሎ የምታከራየውን ጂቱን ቅናት አንገብግቧታል። ከማዶ ያለችው ተሻለች አንድ ቬሎ ብቻ የሚያሳይ ዌብሳይት ካሠራች ወዲህ የመቂ ሙሽሮች ሳይቀሩ ወደዚያ ይጎርፋሉ።

«አርባ ቬሎ ይዤ በአንድ ቬሎ ትብለጠኝ?»

«እትዬ ጂቱ፣ ዓይን ማረፊያ ይፈልጋል» አላት ዌብሳይት ሠሪው ሚኪያስ። «አንዱን መሃል አድርገን ዙሪያውን ባዶ እንተወው።»

«ከሷ የባሰ ባዶ አድርገው!»

ሚኪያስ ከሱቁ ፎቶ ላይ ሠላሳ ዘጠኙን ቬሎ አጠፋ። ፎቶው ላይ ከጀርባ ቆማ የምትስቀው የጂቱ እህት ቦንቱ ቀረች።

«እሷንም አጥፋት» አለች ጂቱ።

በማግስቱ ጠዋት ቦንቱ እንደወትሮዋ ቀድማ ሱቁን አልከፈተችም። ጂቱ ራሷ ስትከፍት ልክ እንደ ፎቶው ባዶ ነጭ ክፍል መሃል አንድ ቬሎ ብቻ ቆሟል።

«ቦንቱ!» እያለች ወደ ውጭ ሮጠች።

ተሻለች ከማዶ በሯ ላይ ብቻዋን ቆማለች።

«የኔም ባል ፎቶው ላይ ከጀርባ ቆሞ ነበር» አለቻት።