ለገመዱ የሚሆን ዜማ

ኦርጋን ተጫዋቿ ሴልሳ የሰርጉን መዝሙሮች በተራ እየጻፈች፣ ካህኑ ፊት ሙሽሮቹ ትከሻ ለትከሻ በገመድ የሚታሰሩበት ሥርዓት ላይ ደረሰች። «ለገመዱስ ምን ይሁን?»

«ኤቫሪስቶ ሲላጭ የሚያፏጨው ዜማ አለ» አለች ሙሽራይቱ። ቀለበቷን እያሽከረከረች አንጎራጎረችውና መሀል ላይ ጠፋባት። «ያውቁታል፣ እትዬ?»

እትዬ! የሚበላለጡት በአራት ዓመት ነው። ደግሞ ሲላጭ! ገና ሳይጋቡ ሲላጭ አይታዋለች። «ሰምቼው አላውቅም» አለች ሴልሳ ቀና ሳትል። ግራ እጇ ግን ኦርጋኑ ላይ ነበር፤ ጣቶቿ ዜማውን ሙሽራይቱ ከተወችበት አንስተው እስከ መጨረሻው ወሰዱት።

ሙሽራይቱ ቀለበቷን ማሽከርከር ተወች።

«እሱ ሁልጊዜ መሀል ላይ ነው የሚያቆመው» አለች ቀስ ብላ። እርሳሱን ከሴልሳ እጅ ወስዳ፣ ከገመዱ አጠገብ «ያለ ሙዚቃ» ብላ ጻፈች።