አማካይ ደመወዝ

የስፖርት ጋዜጠኛው የእግር ኳስ ክለቦችን የደመወዝ ወጪ በሬዲዮ ሲያነጻጽር፣ አንድ ወጣት ተጠባባቂ በረኛ ያለበት ክለብ ከሊጉ ሁለተኛ ሆነ። «አንድ ተጫዋች በአማካይ በወር ሁለት መቶ ሺህ ብር ያገኛል» አለ። ተጠባባቂው በረኛ ግን የሚያገኘው አሥራ ስምንት ሺህ ብቻ ነበር። ትልቁን ገንዘብ የሚወስዱት ከውጭ የመጡት አጥቂዎች ናቸው።

ያን ዕለት የበረኛው አባት አቶ ሽብሩ ከገጠር ደወሉለት።

«ልጄ፣ ሁለት መቶ ሺህ! እውነት ነው?»

የአባቱ ድምፅ በደስታ ሲንቀጠቀጥ ሰምቶ እውነቱን መናገር አቃተው። «አዎ አባዬ» አለ። አቶ ሽብሩም ወሬውን ለአገር ምድሩ አወሩት።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ታጣቂዎች አቶ ሽብሩን ከገበያ ሲመለሱ አግተው ጫካ አስገቧቸው። ከታጣቂዎቹ አንዱ ለበረኛው ደውሎ ሁለት ሚሊዮን ብር ጠየቀው። «የአሥር ወር ደመወዝህ ነው፤ ምን አላት?» አለው።

በረኛው ጓደኞቹን ለምኖ፣ የቤት ዕቃውን ሸጦ ያገኘው መቶ ሰማንያ ሺህ ብቻ ነበር። በአራተኛው ቀን እንደገና ሲደውሉለት፣ ከአባቱ ጋር እንዲያገናኙት እያለቀሰ ለመናቸው። አገናኙት።

«አባዬ፣ ይቅር በለኝ፤ ዋሽቼሃለሁ። ደመወዜ አሥራ ስምንት ሺህ ነው። ንገራቸው፤ ድሃ መሆኔን ካወቁ ይለቁሃል።»

አባቱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ቀስ ብለህ ተናገር ልጄ፣ እንዳይሰሙህ» አሉት። «አብሮኝ የታገተውን ሰውዬ፣ ልጁ ገንዘብ እንደሌለው ሲያውቁ ትናንት ገደሉት።»