የጾም ዓሣ

እንቁ ዘንቢሏን አንጠልጥላ ከሽማግሌው ዓሣ አጥማጅ ጀልባ ፊት ቆመች። ባሕሩ ከትናንት ጀምሮ ለአጥማጆች ተዘግቶ ነበር። ለወቅቱ የተፈቀደው ዓሣ ተጠምዶ አልቋል የሚለው ወረቀት በወደቡ በር ላይ ተለጥፏል፤ የፈረመበትም እንቁ በቤቱ በሠራተኝነት የምታገለግለው ባለሥልጣን ነው። ሚስትየዋ ግን ጠዋት፣ «ለምሳ እንግዶች አሉብን፤ ቀይ ዓሣ ከገባበት ገብተሽ አምጪ!» ብላ ላከቻት።

«አንድ እንኳ አልተረፈም፣ አባቴ?»

ሽማግሌው መረቡን ማጠፉን ትቶ ቀና አለ። የዚሁ የባሕር አገር ሰው ቢሆንም፣ አማርኛውን የለመደው ድሬዳዋ ኖሮ ነው። «ፍልሰታ ገባ አይደል? ለጾምሽ ነው?»

እንቁ በጾም ዓሣ እንኳ አትቀምስም። «ለእኔ አይደለም» ልትል አስባ፣ ባዶ እጇን ብትመለስ የሚጠብቃት ቁጣ ትዝ አላት። ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

ከበረዶው ሣጥን በጨርቅ የተጠቀለለ ቀይ ዓሣ አወጣ። «ለልጆቼ ያስቀረሁት የመጨረሻው ነው፤ ውሰጂው።» ፍራንኩን ስትዘረጋለት በእርጥብ መዳፉ ጣቶቿን መልሶ ገንዘቡ ላይ አጠፈላት። «ለጾመኛ አይሸጥም። ድሬ ሳለሁ በረመዳን የሚያስፈጥሩኝ ክርስቲያን ጎረቤቶቼ ነበሩ።»

አመስግና ዞር ስትል ከኋላዋ ጠራት። «ልጄ፣ ስትጸልዪ እኛንም አስቢን! ያ የፈረመው ሰውዬ ባሕሩን ቶሎ እንዲከፍትልን።»

«አሜን» አለች ሳትዞር። ከዘንቢሉ ብቅ ያለውን የዓሣ ጭራ በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች። ከዚያ ወረቀቱን ቀና ብላ ሳታይ በሩን አልፋ፣ ወደ ባለሥልጣኖቹ ሰፈር ወደ ፕላቶ ዱ ሰርፓን፣ ወደ ፈራሚው ማድ ቤት አቀናች።