ለማን

«እንየው ሞቷል» ይላሉ ግራዝማች ምህረቴ፣ ደረሰኙን በሁለት ጣት አንጠልጥለው። «ቀብሩ ላይ ነበርኩ። አፈር አልብሼዋለሁ። ወንድምሽ ግን ከዓመት በኋላ ሁለት ብር ከፈልኩት ይላል።»

«ሌሎቹንም ይመልከቷቸው» እላለሁ።

አንድ በአንድ ያነሷቸዋል። ውቤ፣ ሞቷል። አየነው፣ እሱም ሞቷል። የዳንግላ እህል ነጋዴ ናቸው፤ ከእንጅባራ እስከ ዘንገና እህል ያልገዙት ገበሬ የለም። ማን እንዳለ፣ ማን እንደሌለ ያውቃሉ።

«ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩሽ ይኼንን ነው? ከመቃብር ደረሰኝ ማምጣት?»

ወንድሜ አዝመራው ፊልሙን የሠራው በሳቸው ገንዘብ ነው። በ1957 የተፈራረሙት ውል አጭር ነው፤ ያለ ደረሰኝ የወጣ ገንዘብ ከተገኘ ፊልሙ የግራዝማች ይሆናል። ፊልሙን የሚገዛ የአሥመራ ነጋዴ ከወዲሁ አግኝተዋል። አዝመራው ደግሞ ደረሰኙን ሁሉ በጆንያ ሲከት ከርሞ፣ የመተሳሰቢያው ቀን ሲደርስ ሒሳብ ተምራለች ብሎ እኔን ከአዲስ አበባ ጠራኝ። ጆንያውን ዘረገፍኩት። የበቅሎውን ኪራይ ከበቅሎ፣ ባትሪውን ከባትሪ ለይቼ የዓመቱን ወጪ መልሼ ሠራሁት። ፊልሙ ከግራዝማች ወንበር ጀርባ በተቆለፈ የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ አለ።

አዝመራው ከጎኔ ተቀምጦ ላቡን ይጠርጋል። ካሜራ ተሸክሞ ገደል ይወርዳል፤ ቁጥር ሲያይ ግን እንዲህ ነው። ዝም እንዲል እግሩን እረግጠዋለሁ።

«የለቅሶውን ቀን ልንገርዎት» እላለሁ። «በፊልሙ አንድ ሽማግሌ ይሞታል። ለሱ የሚያለቅሱ የዘንገና ሴቶች ተጠሩ። ሲመጡ ሟቹ ቁጭ ብሎ ቆሎ ይቆረጥማል። ‹ቆሎ ለሚቆረጥም ሰው አናለቅስም፤ ሟርት ነው› አሉ።»

«ደግ አደረጉ።»

«ከዚያ ሽታዬ የምትባል ሴት ‹እኔ ለባሌ ላልቅስ፤ ሽማግሌው እንደ ፍጥርጥሩ› አለች። ሁሉም ተስማሙ። እያንዳንዷ ለራሷ ሰው አለቀሰች። ሲያበቃ የወንድሜ ጸሐፊ ሊከፍል ተቀመጠ። አገውኛ የማያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ደረሰኙ እዚህ ላይ ምን ይላል?»

በደረሰኙ ላይ የታተመችውን ፊደል በጥፍሬ እመታታለሁ። «ለ» ትላለች፤ ከዚያ ባዶ መስመር።

«ሽታዬን ‹ለማን?› አላት። ‹ለእንየው› አለችው። ሌላዋን ‹ለማን?› አላት። ‹ለውቤ።› እሱ ለማን ልክፈል ማለቱ ነው። እነሱ የሚነግሩት ለማን እንዳለቀሱ ነው።»

«ደረሰኙ ላይ የታተመው ጣትስ የማን ነው?»

«የሴቶቹ ነው። ትናንት ዘንገና ወርጄ በምስክር ፊት በጣታቸው አስፈርሜያቸዋለሁ። ይኸው።»

ወረቀቱን እገፋላቸዋለሁ። ጣቱን ከጣት ያስተያያሉ። ሳይወዱ ሳቅ ያመልጣቸዋል።

«አዝመራው፣ አንተ ያላወቅከውን ይቺ አወቀችልህ!» ይላሉ። ከዚያ ወረቀቱን እንደገና ያያሉ። «አንዷ አልፈረመችም።»

«ማን እንደሆነች የሚያውቅ አጣሁ። ከእንጅባራ ገበያ በኩል መጥታ የተቀላቀለች ናት አሉኝ። ድምሩን አይነካውም፤ ጣቷን አትማ ገንዘቡን አልቀበልም ብላ ሄዳለች። ያመጣሁት የደረሰኙ ቁጥር እንዳይዘል ብዬ ነው።» ልጨርስ ቸኩያለሁ። «‹ለክንዴ› ይላል።»

የግራዝማች ሳቅ ፊታቸው ላይ እንዳለ ይቀራል።

አሁን አዝመራው እግሬን ይረግጠኛል። ዘግይቷል።

«ልጄ አልሞተም» ይላሉ ግራዝማች። «መኪናው አባይ ገባ እንጂ ሬሳውን ያየ የለም። ሬሳ ሳላይ በቤቴ አይለቀስም ብያለሁ። ማናት ይቺ?»

ከመጋረጃው ወዲያ፣ ከሱቁ በኩል፣ ሚዛን ሲቀመጥ ይሰማል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ያለምወርቅ ጨው ሲመዝኑ ነበር፤ ስንገባ ወንበር ያቀረቡልን እሳቸው ናቸው። እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ ገብተው በሩ ላይ ይቆማሉ።

«ጣቱ የኔ ነው።»

«አንቺ! ያን ሰሞን እኮ ክርስትና ብለሽኝ ነው እንጅባራ የሄድሽው።»

«በቤትዎ አይለቀስም አሉ። በቤትዎ አላለቀስኩም።»

ሒሳቡ አልቋል፤ ልነሣ እችላለሁ። አልነሣም።

«‹በቃ› ሲሏቸው ሌሎቹ ተነሡ» ይላሉ ወይዘሮ ያለምወርቅ። «እኔ መነሣት አቃተኝ።»

«ካሜራውን አላጠፋሁትም» ይላል አዝመራው። ከገባን የተናገረው ይህን ብቻ ነው።

ግራዝማች ይነሣሉ።

«ሒሳቡ ሞልቷል፣ ግራዝማች» እላለሁ። «በውሉ መሠረት...»

«አልሞላም አልኩሽ እንዴ?»

ቁልፉን ከአንገታቸው አውጥተው ሣጥኑን ይከፍታሉ። ለቅሶው የቱ ጋ እንዳለ አዝመራው ያሳያቸዋል። ጥቅሉን ፈተው በመስኮቱ ብርሃን ላይ ይዘረጉታል። ኔጋቲቭ ነው፤ የሴቶቹ ነጭ ነጠላ ጠቁሯል፤ ፊታቸው ነጥቷል።

«የትኛዋ ነሽ?»

ወይዘሮ ያለምወርቅ ተጠግተው፣ ሳይነኩ ያመለክታሉ። ከሌሎቹ ራቅ ብላ የተቀመጠች አንዲት ጥቁር ነጥብ።

ፊልም በእጅ አይነካም፤ ምልክት ይይዛል። አዝመራው ሊናገር አፉን ሲከፍት ክንዱን እይዘዋለሁ። ግራዝማች የጤፍ ብናኝ ያለበትን አውራ ጣታቸውን ከነጥቧ አጠገብ አሳርፈው አጥብቀው ይዘዋል። ሲያነሡት አሻራው እዚያው ይቀራል።