«ድግድግ ፈረሴ» ያለው ሽፍታ

«በል አሁን ግደለው!»

ድምፅ ቀራጯ ይህን ብላ ከስቱዲዮው መስታወት ጀርባ አውራ ጣቷን አሳየችው…

«ተበቃዩ» ጆሮ ማዳመጫውን አጥብቆ ወደ ማይኩ ተጠጋ።

ስሙ እንዳይመስላችሁ! የውጭ ፊልም ወደ እኛ ቋንቋ ሲመለስ በድምፅ የሚተውን ልጅ ነው። በቀል ያለበት ፊልም በመጣ ቁጥር የሚጠራው እሱ ስለሆነ ስቱዲዮው በሙሉ እንዲህ ይለዋል።

የዛሬው ደግሞ ጭልምልም ያለ የካውቦይ ፊልም ነው። ሳቅ የለ፣ ፍቅር የለ… አቧራ፣ ፈረስና ደም ብቻ።

አንድ ሽፍታ ቤት አቃጥሎ ይሄዳል። ውስጥ ያለችው እናት እየተጣራች ትሞታለች። ልጇ ያድግና ሽፍታውን ያሳድዳል። በቃ፣ ታሪኩ ይኸው ነው።

ሽፍታው ጉሮሮውን ተመትቶ ስለነበር ከሹክሹክታ ሌላ ድምፅ የለውም። የእሱን ክፍል የሠራው ሰው ብቻውን መጥቶ፣ ቀድሞ ተቀርጾ ሄዷል።

ሰውየው ማን እንደሆነ ተበቃዩ አያውቅም። ግን ሦስት ቀን ሙሉ በማዳመጫው ሲሰማው «ወይ ሰውዬ! ይሄስ ጉድ ነው!» እያለ ሲደነቅ ነበር።

ስክሪኑ ላይ ሽጉጡ ተመዘዘ…

«እናቴ ስትጣራ ሰምተሃል… ሰምተህ ሄድክ!»

ቀራጯን ሰውነቷን ውርር አደረጋት።

«ኧረ ጉድ! ይሄን ሁሉ ጥላቻ ከየት ነው የምታመጣው?»

«ከቤት» አላት።

ቀልድ መስሏት ሳቀች።

ቀልድ አልነበረም…

ከሰባት ዓመት በፊት እናቱ ሆስፒታል ተኝታ የባሏን ስም እየጠራች አረፈች። ባሏ እንደ ልጁ የድምፅ ተዋናይ ነው። የዚያን ቀን «ይቺን ክፍል ልጨርስና መጣሁ» ብሎ ስልኩን ዘግቶ ቀረጻ ላይ ነበር።

ልጅ ከቀብር መልስ ሻንጣውን ይዞ ወጣ።

አባት ደወለ… አላነሳም።

ደጁ ድረስ መጣ… አልከፈተም።

እና ተበቃዩ ስክሪን ላይ ሽጉጥ ባየ ቁጥር የሚያስበው አባቱን ነበር።

በማዳመጫው የሽፍታው ሹክሹክታ መለሰ…

«ሰምቻለሁ…»

ተኩስ!

ሽፍታው ወደቀ። ፈረሱ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ያሸተው ጀመር። ስክሪፕቱ እዚህ ጋ ያልቃል። የሽፍታው ከንፈር ግን ገና ይንቀሳቀሳል…

«ድግድግ ፈረሴ… ቤት ይግባ ንጉሤ…»

ወረቀቱ ከተበቃዩ እጅ ወደቀ።

«ይሄ… ይሄ ስክሪፕቱ ላይ አለ?»

«የለም። ከንፈሩ ስለሚንቀሳቀስ የሆነ ነገር ሙሉልኝ ስላቸው ያሉት ነው። ልክክ ስላለ ተውኩት። ምነው፣ ይጥፋ?»

የትም ብትፈልጉ ይህን ዘፈን አታገኙትም። በዓለም ላይ የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ በእጅ በእግሩ እየዳኸ ሳሎኑን የሚዞር አባት ነው። ሌላው ጀርባው ላይ ተፈናጦ በሳቅ የሚንፈራፈር የአራት ዓመት ልጅ…

«ሰውየው ማን ናቸው?»

ቀራጯ አቀረቀረች። «እንዳልነግርህ ለምነውኛል…»

«እባክሽ እህቴ!»

«ሽፍታውን ካልሰጣችሁኝ ብለው ሙጭጭ አሉ። ለምን ስላቸው… ‹ልጄ ካናገረኝ ሰባት ዓመቱ ነው። እየሰደበኝም ቢሆን በፊልም ያናግረኝ› አሉኝ።»

ተበቃዩ ወደ መስታወቱ ተጠጋ።

«እና እንዴት በድምፁ አላወቅኩትም? ሦስት ቀን ሙሉ!»

«ሹክሹክታው ትወና መሰለህ እንዴ? ጉሮሯቸው ታሟል። ትናንት ኦፕራሲዮን ተደርገዋል።»

ማዳመጫውን እንኳ በቅጡ አላወለቀም… በረረ!

ሆስፒታል ሲደርስ አባቱ አንገቱ በፋሻ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ነርሷ ቀስ ብላ ነገረችው። ከእንግዲህ ድምፅ የለም።

አባት ልጁን ሲያይ አፉን ከፈተ… ምንም አልወጣም። እንባው ብቻ ወረደ።

ልጅ መንገዱን ሙሉ ስንት ነገር ሲያሰናዳ ነበር። ስለ እናቱ… ስለዚያ ቀን… ሁሉም ጠፋበት።

«አባዬ» አለ። «ሰምቻለሁ።»

አባት አልጋው ብረት ላይ ጣቶቹን አሳረፈ…

ድግ ድግ… ድግ ድግ… ድግ ድግ…

ልጅ አልጋው ጠርዝ ላይ ተደፍቶ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ።

ወዳጆቼ… አባትየው አጥፍቷል። ጥብቅና አልቆምለትም፣ እሱም በሽፍታው አፍ «ሰምቻለሁ» ብሎ አምኗል። ግን «ይቅርታ» የሚል ድምፅ እስክንረጋጋ ቁጭ ብሎ አይጠብቀንም። ይህ ልጅ ለአባቱ ደረሰ፣ ለድምፁ ግን አልደረሰም።

እስቲ ልጠይቃችሁ…

ከቤታችሁ ሰው በቀር ማንም የማያውቃት የእናንተ ቃል የትኛዋ ናት?

ኮሜንት ላይ ጻፏት… ማን ያውቃል፣ ያኮረፋችሁት ሰው ያነባት ይሆናል።